መሃሉ ላይ ዝናር ያለበት ገመድ

እማ ሮርክ ገመዷን የምትዘረጋው የበጋው ሙቀት ገና ሳያልፍ ነው። ዝንቡ ፈረሱን እያስጨነቀው፣ ሰዉ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ በሸሚዝ እየዋለ፣ እሷ መሰላሏን ተሸክማ ትወጣና ከቤቷ በር እስከ ፈረስ ጋጣው ድረስ ያንን የክንድ ያህል የወፈረ ገመድ ትወጥረዋለች። በቃ፣ የመንገደኛው ሁሉ መሳቂያ እሱ ነበር። በዋዮሚንግ ሜዳ ላይ ሌላ የሚያስቅ ነገር የለማ! ሰባራ ጎማ በሚባለው በእሷ የሰረገላ ማረፊያ ያለፈ ሰው ሁሉ አንገቱን ከሰረገላው መስኮት አውጥቶ፣ "እማ ሮርክ! ገመዱ ተዘርግቷል፣ የሚሰጣው ልብስ የታለ?" ሳይላት አይሄድም።

እሷ ደግሞ መልስ አታጣም። "የሚሰጣው አንተ ነህ፤ ቀንህን ጠብቅ" ትለዋለች።

ከሁሉ የባሰው ሃይረም ነው። ሃይረም የሰረገላው ነጂ ነው፤ ትንባሆ እያኘከ፣ ስድስት ፈረስ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ ባርኔጣውን እያውለበለበ የሚመጣ ሰውዬ። እሱ ገመዱን ባየ ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃል። "አንቺ ሴትዮ፣ ፈረሶቼን መላጣ አደረግሻቸው'ኮ!" ይላታል። እውነቱንም ነው። ገመዱ ከፈረስ ፀጉር ነው የተገመደው። ሰረገላው መጥቶ ፈረስ በቀየረ ቁጥር እማ ሮርክ ማበጠሪያዋን ይዛ ወደ ጋጣው ትገባለች፤ ጭራቸውን፣ ጋማቸውን ታበጥርና የወጣላትን በከረጢት ትሰበስባለች። ምሽት ምሽት ደግሞ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ትገምዳለች። የፈረስ ፀጉር ውሃ አይጠጣም፣ በረዶ አያደርቀውም፣ እጅ ላይ አያዳልጥም። ያንን የሚያውቅ ያውቃል።

ለምን እንደምትገምደው ግን ሃይረምም ያውቃል። ስለሚያውቅ ይሆናል እንደዚያ የሚስቀው፤ ሰው እኮ የሚስቀው በሚፈራው ነገር ነው።

ባሏ ፓት ሮርክ ከበሩ እስከ ጋጣው ሲሄድ ነው የሞተው። አያችሁ፣ ከበሩ ሆነህ ድንጋይ ብትወረውር የጋጣውን ጣሪያ ያልፋል፤ ያን ያህል ቅርብ ነው። የበረዶ ውሽንፍር ሲመጣ ግን ቅርብ የሚባል ነገር የለም። እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታየውም። ፓት "ለፈረሶቹ ሣር ጥዬላቸው መጣሁ" ብሎ ወጣ፤ እማ ሮርክ ድንች እየጠበሰችለት ነበር። ድንቹ ቀዘቀዘ፣ ደግማ አሞቀችው፣ ደግሞ ቀዘቀዘ። ሰማዩ ሲከፈት ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አገኙት። ቤቱን እያየው እንደነበር ያስታውቃል፤ ማለቴ ፊቱ ወደ ቤቱ ነው። የሚያየው ነገር ግን ነጭ ብቻ ነበር።

ወንድሟ መጥቶ "ነይ ከተማ እንግባ፣ ይሄ የሴት ቦታ አይደለም" አላት። "አይሆንም" አለች። ያን ቀን ነው ማበጠሪያውን ያነሳችው። "ከዚህ በርና ከዚያ ጋጣ መሃል ሌላ ሬሳ አላነሳም። ካነሳሁ ግን ቤቱን ራሴ ለኩሼው ነው የምሄደው" አለች። ይሄንን ቃል መንገዱ በሙሉ ሰምቶታል። እሷ ደግሞ ለወሬ የምትምል ሴት አይደለችም።

በቤቷ ሁለት ሕግ አለ። አንደኛው፣ ከበሩ አጠገብ ረድፍ ሚስማር ተመቷል፤ ወደ ማዕድ የሚቀርብ ሰው መሣሪያውን እዚያ ይሰቅላል። ሁለተኛው የሷ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው፤ ሰውን ስምህ ማነው፣ ከወዴት መጣህ፣ ምን ሠርተህ መጣህ አይባልም። የፈለገውን ስም ይነግርሃል፣ በዚያ ትጠራዋለህ፣ አለቀ። ስንቱ አሮጌ ስሙን ከሚዙሪ ወንዝ ማዶ ጥሎ ነው የመጣው!

ይሄ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት ግን የመጀመሪያው ሕግ ፈረሰ። መንገዱ ላይ ሰረገላ እየተዘረፈ ነበር። የሚያስጨንቀው ደግሞ ወሬው ነው፤ ዘራፊዎቹ አንድ ሰው መንገደኛ አስመስለው ሰረገላው ውስጥ ያስቀምጣሉ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰውን ማመን አቆመ። አጠገብህ ተቀምጦ ዳቦ የሚቆርሰው ሰውዬ ዘራፊው ቢሆንስ? ሁሉም ሽጉጡን ታጥቆ ይበላል፣ ሽጉጡን ታጥቆ ይተኛል። እማ ሮርክ ትቆጣለች፣ ማን ይሰማታል። ሚስማሮቹ ባዶአቸውን ቀሩ።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ።

ጠዋቱ እንደ ማር ነበር። ፀሐይ፣ ነፋስ የለ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። እንደዚህ ያለ ጠዋት በብርዱ ወር ሲመጣ የኛ ሽማግሌዎች ይፈሩታል፤ ወጣቱ ግን ካፖርቱን ያወልቃል። መጀመሪያ የደረሰው ተትል ነው። ተትል ከብት ነጂ ነው፤ አንገቱ የወፈረ፣ ፂሙ እንደ መጥረጊያ የቆመ፣ የሚጋልባት ፈረስ ከሰው ሁሉ የምትበልጥበት ሰውዬ። ከሱ ኋላ ማክሬ በእግሩ መጣ። ማክሬ ስኮትላንዳዊ ነው፣ በግ ጠባቂ፤ ቤስ የምትባል ውሻው ተረከዙን እየነካች ትከተለዋለች።

ከብት ነጂና በግ ጠባቂ በአንድ ቤት! ወዳጄ፣ በኛ አገር ይሄ ጭድና እሳት ነው። ከብት ነጂው፣ በግ ሣሩን ከነሥሩ ትግጠዋለች፣ ከብት በግ የረገጠችውን አይቀምስም ይላል። በግ ጠባቂው ደግሞ ሜዳውን አምላክ ነው የሠራው፣ አንተ አልሠራኸው ይላል። በዚህ ነገር ስንት ሰው ተጋድሏል።

ቤስ ጋጣው በር ላይ አንዴ ብትጮህ የተትል ፈረስ በኋላ እግሯ ቆመች። ልጓሟን በጠሰች። ተትል እየተራገመ እሷን ሲያረጋጋ፣ ማክሬ ውሻውን ጠርቶ ሳቁን አፍኖ ወደ ቤት ገባ። ተትል ጋጣው ውስጥ ብቻውን ቆየ። ቆይቶ ወጣ። ልብ በሉልኝ፣ ምን ሲሠራ እንደቆየ ያየው ሰው የለም።

እኩለ ቀን ሳይሆን የሃይረም ሰረገላ ደረሰ። ሁለት ሰው ወረደ። አንዷ ሚስ ኦጉስታ ነች፤ ባርኔጣዋ ላይ የወፍ ላባ የተሰካ፣ አንድ ከባድ ሣጥን ይዛ ማንንም የማታስነካ ሴት። ሃይረም ላግዝሽ ቢላት፣ "እጅህን!" ብላ በጃንጥላዋ መታችው። ሁለተኛው ሰው ስሙን አልተናገረም። ጥቁር ጓንት አድርጓል፤ ወገቡ ላይ ዝናር፣ ዝናሩ ላይ ግራና ቀኝ ሽጉጥ። ሲቀመጥም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው። ባለጓንቱ አሉት በቃ።

ሃይረም ወደ ሰሜን አየ። ሰማዩ ጥግ ላይ እንደ ተመታ ሥጋ ሰማያዊ ሆኗል። "ከዚህ አንንቀሳቀስም" አለ። "ሰረገላው ቆሟል። የምትጸልዩ ጸልዩ፣ የምትበሉ ብሉ።"

ገና ፈረሶቹ ተፈትተው ጋጣ ሳይገቡ ነፋሱ ደረሰ። እየተጣደፉ አስገብተዋቸው ሲመለሱ ገመዱን ልብ ብሎ ያየ ሰው የለም። ከዚያ በረዶው። ከላይ የሚወርድ እንዳይመስላችሁ፤ ከጎን ነው የሚመጣው፣ እንደ አሸዋ። መስኮቱ ነጭ ሆነ። ቀን ነው፣ ግን ቀን አይመስልም።

እማ ሮርክ ባቄላ ከጨው ሥጋ ጋር አቀረበች፣ ትኩስ ዳቦ፣ ከደረቅ ፖም የተጋገረ ኬክ። "መሣሪያ ወደ ሚስማር" አለች።

ማንም አልተነሳም።

"እኔ የምሰቅለው እሱ ሲሰቅል ነው" አለ ተትል፣ በአገጩ ወደ ባለጓንቱ እየጠቆመ።

ባለጓንቱ ዳቦ ቆረሰ። "እሱስ መች ሊሰቅል ነው?" አለ ቀስ ብሎ፣ መልሶ ወደ ተትል እየጠቆመ።

"እኔ ጠመንጃዬን የማስቀምጠው ይሄ የከብት ጭራ ከቤት ሲወጣ ነው" አለ ማክሬ።

ተትል አፍንጫውን ያዘ። "እማ ሮርክ፣ ይሄ ባቄላ በግ በግ ይሸታል።"

"ባቄላው አይደለም፤ አጠገብህ ያለው ሰው ነው" አለ ሃይረም፣ አፉን ሞልቶ።

"ውሻዋስ? ውሻ ከኔ ጋር ማዕድ ትቀርባለች?" አለ ተትል።

"ቤስ ቅር ካላላት እኔም ቅር አይለኝም" አለ ማክሬ።

ሚስ ኦጉስታ እግሯን ሣጥኗ ላይ አድርጋ ትበላለች። ወንዶቹ በየተራ ሣጥኑን ሰረቅ አድርገው ያዩታል። እሷም ሲያዩት ታያለች። አቤት ያ ማዕድ! ማንኪያ በግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ ከጠረጴዛው በታች።

ሃይረም ኬኩን ጨርሶ ተነሳ። "ለፈረሶቹ ሣር ልጣል።"

እማ ሮርክ በሩ ድረስ ሄደች። "ገመዱን አትልቀቅ። ጋጣው ስትደርስ ሁለት ጊዜ ሳብልኝ።"

"ልብስ ካለሽ አምጪ፣ እግረ መንገዴን ልስጣልሽ" አለ ሃይረም። ሳቀና ወጣ። ነጩ ነገር ዋጠው።

እሷ በሩ ላይ ገመዱን በመዳፏ ይዛ ቆመች። ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እንደያዘው ይታወቃል። ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። ጠበቀች። ሁለቱ ስበት አልመጣም። እሷ ሁለት ጊዜ ሳበች። መልስ የለም። ደግማ ሳበች።

ገመዱ መጣላት።

እየሳበች እየሳበች፣ ገመዱ እንደ ሞተ እባብ በሩ ላይ ተከመረ። ጫፉ ሲመጣ አነሳችና አየችው። አልተበጠሰም። በቢላ ነው የተቆረጠው፣ ልክ እንደ አይብ።

ነገሩ ገባት። ሃይረም ገመዱን ይዞ ሄዷል፣ ጫፉ እጁ ላይ አልቋል። ይሄን መንገድ አንድ ሺህ ጊዜ ሄዶታል፤ "ጋጣው እዚህ ጋ ነው፣ አንድ እርምጃ ነው" ብሎ ለቀቀው። ያቺ አንድ እርምጃ ነች ሰው የምትበላው።

"ማን ቆረጠው?" አለ ማክሬ፣ ከኋላዋ መጥቶ ጫፉን አይቶ።

ወንበር ወደቀ። ባለጓንቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ሁለቱም እጆቹ ዝናሩ ላይ። ተትል ፊቱ እንደ ሊጥ ነጭ ሆኖ ሽጉጡን አውጥቷል። ማክሬ ጠመንጃውን አቀባበለ። ሚስ ኦጉስታ ሣጥኗ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

"እሱ ነው!" አለ ማክሬ ወደ ባለጓንቱ። "ነጂውን ገድሎ ሰረገላውን ሊዘርፍ ነው!"

"ከሰረገላው ከወረድኩ እዚህ ግድግዳ ስር ነኝ" አለ ባለጓንቱ። "አንተ ግን ከእኛ በፊት እዚህ ነበርክ፣ በግ ጠባቂ።"

"ሣጥኑ ውስጥ ያለውስ ምንድነው? እሷስ?" አለ ተትል።

አንድ ጣት ብትሳሳት እዚያ ቤት ውስጥ አምስት ሬሳ ነበር። ሃይረም ስድስተኛ።

እማ ሮርክ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? አልጮኸችም። የተከመረውን ገመድ አነሳችና መሃላቸው ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሳህኑ ተሰበረ።

"ስሙኝ" አለች። "በዚህ ቤት ሰው አይጠየቅም። ማን እንደቆረጠው ዛሬ አልጠይቅም፣ ነገም አልጠይቅም። ሃይረም ውጭ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ነው፤ የሚገፋው ወደ እንጨት ክምሩ ነው። ፓትንም የገፋው ወደዚያ ነው። ይሄ ገመድ እዚያ አይደርስም። ዝናራችሁን ፍቱ።"

"ምን?"

"ገመድ አጠረኝ! ዝናራችሁን ፍቱና አያይዙልኝ!"

ተያዩ። ዝናሩን የፈታ ሰው ሽጉጡን ፈታ ማለት ነው። ማን ቀድሞ ይፍታ? ነፋሱ ቤቱን ይደበድባል፤ እማ ሮርክ ግን አልጠበቀቻቸውም፤ ከግድግዳው ላይ የፓትን አሮጌ ዝናር አውርዳ ከገመዱ ጫፍ ጋር መቋጠር ጀመረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

መጀመሪያ የፈታው ተትል ነው። ቀበቶውን ፈታ፣ ሽጉጡን ከነሰገባው ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ባዶውን ዝናር ዘረጋላት። ማክሬ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ እሱም የጠመንጃውን ማንገቻ ነቀለ። ቀሪው ባለጓንቱ ነው። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

"ልጄ" አለችው እማ ሮርክ። "ስምህን አልጠየቅሁህም። አልጠይቅህምም። ቆዳውን ነው የምፈልገው።"

ሰውዬው ጓንቱን አወለቀ፣ ዘለበቱን ፈታ። ሁለቱን ሽጉጥ አንድ ላይ ሰቀላቸው።

"አሁንም ያጥራል" አለች እማ ሮርክ በክንዷ እየለካች።

ያኔ ሚስ ኦጉስታ ከሣጥኗ ላይ ወረደች። ቁልፉን ከደረቷ አወጣችና ክዳኑን ከፈተችው። ወንዶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ወርቅ? ዶላር? የሐር ስቶኪንግ! እስከ አፉ ድረስ የሐር ስቶኪንግና የሴት ወገብ ማጥበቂያ!

"እንዴ፣ ሚስ፣ ይሄ ምንድነው?" አለ ተትል፣ ጆሮው ቀልቶ።

"ዕቃዬ ነው። እየዞርኩ እሸጣለሁ። እናንተ ወንዶች ብታውቁ ኖሮ መንገዱን ሁሉ ስታሾፉብኝ ትውሉ ነበር" አለች። "አሁን አትይ፣ ቋጥር! ሐር ከቆዳ ይጠነክራል። የወገብ ማጥበቂያውን ክር ምዘዝ፣ እሱ በሬ ይጎትታል!"

እንዲህ ሆነና ያ ትልቅ ከብት ነጂ ተንበርክኮ የሴት ስቶኪንግ ይቋጥር ጀመር። ማክሬ ሊስቅ ፈልጎ ጊዜ አጣ።

የገመዱን ጫፍ በሩ መቃን ላይ አሰሩ። ሚስ ኦጉስታ በሩ ላይ ቆማ መጥበሻ በማንኪያ እንድትደበድብ ተስማሙ፤ ነፋሱ ሲያርፍ ድምፁ ይሰማ ይሆናል። ከዚያ ባለጓንቱ፣ ከዚያ ማክሬ፣ ከዚያ እማ ሮርክ። "ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ" አለች።

"አይደለሽም" አለ ተትል። "ጫፉ የኔ ነው።"

"ተትል፣ አንተ ከባድ ነህ፣ ብትወድቅ..."

"እማ ሮርክ። ጫፉ የኔ ነው።"

ፊቱን አየችው። ያኔ ነው የገባት። አልጠየቀችም ግን፤ ቃሏን ሰጥታለች። የመጨረሻውን ዝናር ወገቡ ላይ አጥብቃ አሰረችለት። የመጨረሻው ዝናር የባለጓንቱ ነበር።

ተትል ወደ ማክሬ ዞረ። እንደምንም ኩራቱን ዋጥ አደረገና፣ "ውሻህን ስጠኝ" አለ።

"ቤስን? ምን ልታደርጋት?"

"እኔ በዚህ ነጭ ውስጥ ዕውር ነኝ። አፍንጫ ያላት እሷ ነች።"

ማክሬ ጎንበስ ብሎ የውሻዋን ማሰሪያ ከተትል ክንድ ጋር አሰረ። "በስኮትኛ ነው የምትሰማው" አለው። "ሂጂ ስትላት አትሄድም። 'አዌይ' በላት።"

ወጡ። ነፋሱ በሩ ላይ እንደ በሬ ገጫቸው። እማ ሮርክ ማክሬን በግራ እጇ ይዛለች፣ በቀኟ ገመዱን፤ ተትል ከፊቷ አለ ግን አታየውም፣ መኖሩን በገመዱ ብቻ ነው የምታውቀው። ስቶኪንጉ ተለጠጠ፣ አልተበጠሰም። ተትል እየጎተተ ወሰዳቸው። ዓይኗን ጨፈነች፤ ቢከፈትስ ምን ያያል። ፓት እዚህ ጋ አለፈ፣ አለች በልቧ። እዚህ ጋ ዞረ። እዚህ ጋ ደከመው። በእግሯ ነው የምታውቀው፤ ለዓመታት በየበጋው ይሄን ቦታ እየሄደችበት።

ገመዱ ተወጠረ። አለቀ። ክምሩ የለም።

"አስረዝሙት!" ብላ ጮኸች፤ ማክሬ እንደምንም ሰማት። እሱ ወደ ባለጓንቱ ጮኸ። ባለጓንቱ ገመዱን ከመቃኑ ፈታና በአንድ እጁ መቃኑን፣ በሌላው የገመዱን ጫፍ ይዞ ተዘረጋ። ሁሉም ክንዳቸውን ዘረጉ። አንድ ሰው ያህል ርዝመት ከክንድ ብቻ አገኙ! ባለጓንቱ ገመዱን ያዘ፣ ማክሬ ገመዱንና እማ ሮርክን፣ እሷ የተትልን ካፖርት። ከዚህ ውስጥ አንዱ አንዱን ቢለቅ ሁሉም ያልቁ ነበር። ከአፍታ በፊት ሊገዳደሉ የነበሩ ሰዎች!

ቤስ ጮኸች።

ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ሁለት ጊዜ። እማ ሮርክ ያን ስበት ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው የኖረች መሰላት።

ሃይረም ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ልክ ፓት በተቀመጠበት። ቤስ ፊቱን ትልሰዋለች፣ ተትል በብብቱ ገብቶ አነሳው፣ እንደ ጥጃ ትከሻው ላይ ጣለው። "ሳቡ!" አለ። ሳቡ። ሚስ ኦጉስታ መጥበሻውን እየደበደበች በሩ ላይ ታለቅሳለች፤ ሲገቡ ያ የላባ ባርኔጣዋ የለም፣ ነፋሱ ወስዶታል።

በሩ ተዘጋ። ሃይረምን ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት፣ ለብ ባለ ውሃ እግሩን ነከሩት፣ ማክሬ ከኪሱ ዊስኪ አወጣ። ቅንድቡ ላይ ያለው በረዶ ቀለጠ። ዓይኑን ከፈተ። መጀመሪያ ያየው ገመዱን ነው፤ መሬት ላይ ተከምሯል፣ ዝናር፣ ማንገቻ፣ ሮዝ ስቶኪንግ፣ ነጭ ስቶኪንግ፣ የወገብ ማጥበቂያ ክር።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሁሉም ጎንበስ አሉ።

"እማ ሮርክ" አለ። "ይኸው... ልብሱን አገኘሽ።"

ወይ ሳቅ! ማክሬ መሬት ላይ ተቀመጠ። ባለጓንቱ እንኳ፣ ያ ድንጋይ ሰው፣ ግድግዳውን በግንባሩ ደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እማ ሮርክ ሃይረምን በጥፊ መታችው፣ ከዚያ አቀፈችው፣ ከዚያ ደግሞ በጥፊ መታችው። "ገመዱን አትልቀቅ አላልኩህም? አላልኩህም አንተ ደረቅ?" እያለች።

ያን ማታ በልተው ሲጨርሱ ነው አንዱ ልብ ያለው፤ መሣሪያው ሁሉ ሚስማሩ ላይ ነው። ማንም አላወረደውም።

ተትል ግን አልሳቀም ነበር። እሳቱ ዳር ቁጭ ብሎ፣ "የፈረሴ ልጓም ተበጠሰ" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ፈረሷ ልትሄድብኝ ነው። ምሰሶው ላይ ደህና የፀጉር ገመድ ታስሮ አየሁ። ጫፉ ላይ እንስሳ የለም። እኔ ጫፉ ላይ እንስሳ የሌለበት ገመድ ማየት አልችልም፤ እጄ ነው የቆረጠው። የልብስ መስሎኝ ነው። ሁሉም የልብስ ነው ሲል ነበር።"

እውነት ነዋ፤ ሁሉም ሲል ነበር። ሃይረም ራሱ ሲል ነበር።

"አልጠየቅሁህም እኮ" አለች እማ ሮርክ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ኬክ ብላ።"

ማክሬ ኬኩን ቆርሶ ትልቁን ለተትል ገፋለት። "እኔ ብሆን" አለ፣ "ጫፉ ላይ በግ አስርበት ነበር።"

"ለዚህ ነው'ኮ የማልወድህ" አለ ተትል። ግን በላ። ከሥጋውም ለቤስ በጠረጴዛው ስር አቀበላት። ማክሬ እንዳላየ ሆነ።

ሰማዩ እስኪከፈት ድረስ ሥራቸው ገመድ ነበር። ተትል የቆረጠውን ገመድ ከፈረሷ አንገት ላይ ፈትቶ አመጣ፤ እጁ ለገመድ የተፈጠረ ነው፣ ከእማ ሮርክ ጋር ቁጭ ብሎ ፀጉሩን ከፀጉር ጋር እየገመደ ቀጠለው። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ጉተታ የተበላሸው ተቆርጦ ተጣለና መሃሉ ላይ ትንሽ ጎደለ።

መንገዱ ሲከፈት ባለጓንቱ ቀድሞ ተነሳ። ሽጉጦቹን ከሚስማሩ አውርዶ በጨርቅ ጠቀለላቸውና ከጓዙ ውስጥ ከተተ። እማ ሮርክ ዝናሩን ይዛ ከኋላው ወጣች። "ቆዳህን ረሳህ።"

ሰውዬው ገመዱን አየ፣ የጎደለበትን ቦታ አየ። ዝናሩን ከእጇ ወስዶ እዚያ ጋ ገባ አድርጎ በዘለበቱ ቆለፈው። ልክ ሆነ። ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው።

"ቦታውን አገኘ" አለ። ሄደ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ላይ ዝርፊያ አልተሰማም። ለምን እንደቆመ ሰው የመሰለውን ይላል። እማ ሮርክን ስትጠይቋት ግን፣ "በዚህ ቤት አይጠየቅም" ነው መልሷ።

ዛሬ ሰባራ ጎማ ብትሄዱ ገመዱ አለ፤ መሃሉ ላይ ጥይት የሌለው ዝናር፣ ቆዳው ፀሐይ የበላው። ሚስማሮቹ ሁሌም ሙሉ ናቸው፤ መሣሪያህን ስቀል የሚልህ የለም፣ ገመዱን አይተህ ራስህ ትሰቅላለህ። ከሰባራ ጎማ ወዲያና ወዲህ ያሉ ማረፊያዎችም ገመድ ዘርግተዋል። ያስተማረቻቸው እሷ ነች፤ ማበጠሪያዋን ይዛ እየዞረች። ፈረሶቹ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ጭራቸው ሳስቷል።

በቀጣዩ ዓመት የበጋው ሙቀት ሳያልፍ እማ ሮርክ ለገመዷ ወጣች። መሰላሉን የያዘላት ሃይረም ነው፤ በረዶው ሁለት የእግሩን ጣት ወስዶበት ትንሽ እያነከሰ። አንድ አዲስ መንገደኛ፣ ከከተማ የመጣ፣ አንገትጌው የደረቀ፣ ከሰረገላው መስኮት ብቅ ብሎ፣ "እትዬ! ገመዱስ ተዘርግቷል፣ የሚሰጣው ልብስ የታለ?" አለ።

እማ ሮርክ መሰላሉ ላይ ሆና ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሃይረም ቀደማት።

"የሚሰጣው አንተ ነህ" አለው፣ ትንባሆውን ተፍቶ። "ውረድና ገመዱን ያዝ። አጥብቀህ!"